ከአንሶላው ጀርባ

«እኔንም ትወስጂኛለሽ?» አልኳት አክስቴን።

ካውያዋን ከቀሚሷ እጅጌ ላይ አንስታ ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ እዚያ ሄደሽ ምን ልትሠሪ? ደረቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራ መጠበቅ እንጂ ሌላ ምን አለው ብለሽ ነው?»

«እኔ አልሰለችም።»

«ትሰለቻለሽ። እኔ ራሴ ባልገደድ መቼ እሄድ ነበር!» በሞቀ እጇ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። «አይዞሽ፣ እሺ ካሉኝ መጥቼ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው።»

እኔ የጠየቅኳት ስለ ባሏ ቤት ነበር። እሷ የመለሰችልኝ ስለ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነበር። ሁለታችንም የተግባባን መስሎን ተለያየን፤ እሷ እያንጎራጎረች ቀሚሷን ልትለብስ፣ እኔ አልጋ ሥር ገብቼ ላለቅስ።

አክስቴ ባል አልነበራትም። የሚፈልጋት ሰው እንዳለም ማንም አልነገረኝም። እኔ ግን ማስረጃ ነበረኝ።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ የጫማ ሰሪው ቤት ነበር። ባለፈው በጋ የጫማ ሰሪው ሚስት ቤቷን ከጣሪያ እስከ ወለል አጠበች፤ ግድግዳው ላይ የነበረውን የእርጥበት እድፍ በትልቅ የቀን መቁጠሪያ ሸፈነች፤ ከእኛ ቤት አረንጓዴውን ወንበር ተዋሰች። «ይቺን እድፍ ካዩ ከበር ነው የሚመለሱት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሱፍ የለበሱ ሰዎች መጡ። ሻይ ጠጡ፣ ዙሪያውን አዩ፣ «በጣም ወደነዋል» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ትልቋ ልጃቸው፣ ፀጉሬን ትሠራኝ የነበረችው፣ ሻንጣ ይዛ አስፋልቱ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ገባች። በመስኮቱ እጇን እያውለበለበች ታለቅስ ነበር። ወደ እኛ የተመለሰው ወንበሩ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ እግሩ እየተነቃነቀ።

ስለዚህ ነገሩ ከምን ተነስቶ የት እንደሚደርስ አውቅ ነበር። መጀመሪያ ሰዎች ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ይወዳሉ፣ ከዚያ ሻንጣ ነው።

እማዬና አክስቴ የሚሠሩት በሰፈራችን የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር። ምክር ቤቱ በድሮ ጊዜ ያሠራው፣ ረጅም፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ግራና ቀኝ የሲሚንቶ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ ከኋላው ልብስ የሚሰጣበት ግቢ አለ። የሰፈሩ ሴቶች የየቤታቸውን ልብስ እዚያ ያጥቡ ነበር፤ እንደ እማዬ ያሉት ደግሞ የሆቴልና የሰው ልብስ እያጠቡ ይተዳደሩበት ነበር። ቤቱ ሁልጊዜ የበረኪናና የእርጥብ ጥጥ ሽታ አለው። ገና ከበሩ ስገባ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ እኔ ግን እወደው ነበር።

በዓለም ላይ ከዚያ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር። ወለሉ ላይ ሁልጊዜ ውሃ ተኝቶበታል፤ ሴቶቹ ቦት ጫማ አድርገው ይንቦጫረቁበታል፣ እኔ የወረቀት ጀልባ እነዳበታለሁ። ሲዘንብ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን የሚቀበሉ ባልዲዎች በየቦታው ይደረደራሉ፤ ትልቁ «ዱም» ይላል፣ ትንሹ «ጢም»፣ የተሰነጠቀው ደግሞ ምንም አይልም። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የኋለኛውን ግድግዳ ነበር፤ ስንጥቅ ነበረው። አክስቴ ግቢው ውስጥ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ከውጭ በኩል ካራሜላ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ ከውስጥ እጄን ሰድጄ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ የሚገቡት ጣቶቼ ብቻ ነበሩ። ኋላ እስከ አንጓዬ ገባ፤ ከዚያ እስከ ክርኔ። በዚያ ዓመት እስከ ትከሻዬ ይገባ ነበር።

እኔ ክንዴ ያደገ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ይህን ስጽፍ ገላዬን ውርር ያደርገኛል። የእማዬ ገንዳ እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። ውሃ የሚወርድባቸው ቧንቧዎች በዚያ በኩል ያሉት ብቻ ስለሆኑ ወዲህ ልሽሽ ብትል እንኳ መሸሻ አልነበራትም።

በዚያ ዓመት አክስቴ ካራሜላ ማስቀመጥ ተወች። «ሚጡ፣ ከዚያ ግድግዳ ራቂ!» ትለኝ ጀመር፤ ቁጣ በማያውቅ ድምጿ እየተቆጣች። ልታገባ ስለሆነ ከአሁኑ ልትረሳኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ያን ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። ሴቶቹ እጃቸው አረፋ እንደነካው ከበቧት። እኔ የቆሸሸ አንሶላ ክምር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ የማልሰማ መስዬ እሰማለሁ።

«እህስ?» አለች እማዬ።

«ሰማኝ! ከጀመርኩ እስክጨርስ አንዴም አላቋረጠኝ።»

«ማን? ሰብሳቢው ራሱ?»

«ራሱ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። እኔ ደግሞ የጠረጴዛ ጫፍ ይዤ ነው የቆምኩት።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች እማማ ሳሙና። በዕድሜ ትልቋ አጣቢ እሷ ነበረች። ሳሙና ስትቆርጥ ፍርፋሪዋን እንኳ በጣቷ ለቅማ ስለምታነሳ ነው ስሙ የወጣላት።

«ለስለስ ያለ ነው። ትንሽ ወፈር ይላል።»

«ወፈር ማለቱ ደግ ነው። ሚስትስ አለችው?»

«ኧረ እማማ! እኔ የሄድኩት ለቧንቧ ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ። አክስቴ ስታፍር ወሬ እንደምትቀይር ስለማውቅ፣ ቧንቧውን ያነሳችው ለዚያ ነው አልኩ።

«ታዲያ ምን አለሽ?» አለች እማዬ።

«‹መጥቼ በዓይኔ ሳላይ ቃል አልሰጥም› አለ። ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ።»

በእርጥብ እጃቸው አጨበጨቡ፤ አረፋው እኔ ድረስ ተረጨ። ፊቴን ጠረግኩ። የጠረግኩት አረፋውን ብቻ አልነበረም።

አክስቴ ገንዳ ጠርዝ ላይ ወጥታ ቆመች። «አሁን ስሙኝ። ሐሙስ ዕለት ማንም ምንም እንዳይነካ። ውሃው እንደተኛ፣ ባልዲው እንደተደረደረ ይዩት። መጥረጊያ የምታነሳ ሴት እንዳላይ!»

«እንግዳ እየመጣ?» አለች እማማ ሳሙና።

«እንግዳ አይደሉም እማማ፣ ምክር ቤት ናቸው።»

«ምክር ቤት ቢሆንስ? ከደጅ የመጣ ሁሉ እንግዳ ነው።»

«ቆሻሻ ናቸው ብለው ቢዘጉብንስ?» አለች እማዬ። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለነበር ሁሉም ጠጋ ብለው ሰሟት። «‹የሰጠናቸውን ቤት መያዝ አቃታቸው› ብለው ቁልፉን ቢወስዱስ? የት ልናጥብ ነው?»

«አይዘጉትም። ካዩት ያሠሩታል። እስከ ዛሬ የዘነጉን ስላላዩት ነው።» አክስቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ማሉልኝ።»

ሁሉም ማሉላት። እማማ ሳሙና እንዲያውም ሁለት ጊዜ ማለች።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይዋ ከወትሮው ቀድማ ሞቀች። የእኛ መንገድ ጠባብ ስለሆነ መኪና አያስገባም። አክስቴ ያንኑ ቀሚሷን ለብሳ ሰዎቹን ከአስፋልቱ ልትቀበል ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ «እንዳትነኩ!» አለች፤ ጣቷን ቀስራ።

«ሂጂ፣ ሂጂ!» አሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲገባችሁ እነዚያን ሴቶች ማወቅ ያስፈልጋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው እድፍ ሲያስለቅቁ የኖሩ ናቸው። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሸሚዝ ላይ ጠብታ ዘይት ካዩ ጣታቸውን ይበላቸዋል። እነሱን እድፍ ፊት አስቀምጦ «አትንኩ» ማለት ሕፃንን ኬክ ፊት አስቀምጦ መሄድ ነው።

የጀመረችው እማማ ሳሙና ናት። «የራሴን ገንዳ ብቻ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

«የሷ ገንዳ ከነጣ የእኔ ሊያስቅብኝ ነው» አለች አጠገቧ ያለችው፤ አነሳች ቡሩሹን።

እማዬ ለትንሽ ጊዜ እጇን አጣምራ ቆመች። ከዚያ «ሰውየው ጫማው እንዳይረጥብ ያህል» አለችና መወልወያውን ያዘች። ወዲያው ቤቱ ተተረማመሰ። ውሃው በባልዲ ተቀድቶ ወደ ውጭ ተደፋ፤ ከፍሳሽ መውረጃው ተመልሶ እንዳይመጣ አፉ በጨርቅ ተወተፈ። ወለሉ በበረኪና ተፈተገ። ዝገቱ ቀረ ብላ አንዷ የደረቁትን ቧንቧዎች ሳይቀር በአመድ ወለወለቻቸው። በርሜሎቹ ውሃ ተሞሉ። ባልዲዎቹ ተሰብስበው ሳሙና ማስቀመጫው ቁም ሳጥን ውስጥ ተጠቀጠቁ፤ በሩ አልዘጋ ሲል እማማ ሳሙና በዳሌዋ ገፍታ ዘጋችው።

በመጨረሻ እማዬ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ዞራ አየች። ከግቢው ገመድ ላይ የሆቴሉን ትልቁን፣ ነጩን አንሶላ አውርዳ አመጣችና ከጣሪያው ሥር ባለው ሽቦ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀለችው። ስንጥቁ ጠፋ። ራሷን ዘንበል አድርጋ አየችውና አንዷን መቆንጠጫ አስተካከለች።

«ለዓይን አያምርም ነበር» አለች።

ጫማ ሰሪው ቤት የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ትዝ አለኝ። የእኛው ይበልጥ ያምር ነበር። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት ከቤታችን አረንጓዴውን ወንበር ተሸክማ ገባች፤ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሰብሳቢው ነው፤ ሱፉ በሆዱ ላይ የተወጠረ፣ ፊቱ ፈገግታ ያለበት። ሌላው ቀጭን ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ቀበቶው ላይ የመለኪያ ሜትር ስለሰካ ሴቶቹ ገና ከበሩ ሳያልፍ «ሜትሩ» አሉት። አክስቴ ከኋላቸው ገባች፤ ገብታም ክው ብላ ቀረች።

ገንዳዎቹ ያበራሉ። ወለሉ ላይ ምግብ ቢፈስ አንስቶ መብላት ይቻላል። ሴቶቹ በንጹሕ ሽርጥ ተሰልፈዋል። አክስቴ ዓይኗን ከአንዷ ወደ አንዷ እያዞረች አየቻቸው፤ አንዷም አላየቻትም።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው!» አለች እማማ ሳሙና።

እርግጥ የእነሱ ቤት ነበር። ሰብሳቢው አረንጓዴው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ተንቋቋ። ሻይ ቀረበለት፣ ብስኩት ቀረበለት።

«እንዲህ ያለ ንጽሕና አይቼ አላውቅም» አለ።

«ኧረ ምን ንጽሕና አለው፣ ሳናስበው መጣችሁብን እንጂ!» አለች እማማ ሳሙና። ደስታዋ ፊቷ ላይ ፈስሶ ነበር።

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ያ ወለሉ ላይ ይተኛል ያልኩዎት ውሃ...»

ሰብሳቢው እግሩን አንስቶ ሥሩን አየ። አቧራ እንኳ አልነበረም።

«ዛሬ ደርቋል» አለች እማዬ በትንሽ ድምፅ።

«ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። ብስ ነው» አለች አክስቴ።

ሁሉም ቀና አሉ። በዛገው ቆርቆሮ ቀዳዳዎች የፀሐይ ጮራ እንደ ክር ይወርዳል። «ብርሃን ማስገባቱ ጥሩ ነው» አለ ሰብሳቢው።

«በዚያኛው ረድፍ ያሉት ቧንቧዎች ውሃ ካቆሙ...»

«ውሃማ ሞልቷል!» አለ በርሜሎቹን እያሳየ።

የአክስቴ አንገት ቀላ። ባሳመረችው ቀሚሷ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ውሸታም እየመሰለች ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ፣ ሙሽራ ሆና አፍራ ነው አልኩ።

ሰብሳቢው ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። «እንግዲህ ወይዘሪት፣ ከዚህ የባሱ ብዙ ሰፈሮች አሉብን። እነሱን ማስቀደም ይኖርብናል። ይህንን ግን፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ በጣም ወድጄዋለሁ።» እጁን ዘረጋላት።

በጣም ወድጄዋለሁ። ከዚህ ቀጥሎ ሻንጣ ነው።

አክስቴ እጇን ሰጠችው። ዓይኗ ግን አንሶላው ላይ ነበር። ከአንሶላው ወደ እማዬ አየች፤ እማዬ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፣ አይሆንም እንደማለት። አክስቴ ይህን ስትተርክ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትቆማለች። «ልናገር ትንፋሼን እየሳብኩ ነበር» ትላለች፤ «አንቺ ቀደምሽኝ።»

እኔ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የምገባ ልጅ ነበርኩ። አሁንም ቢሆን ሰው የበዛበት ቦታ ስሄድ በሩ አጠገብ ነው የምቆመው። ያን ቀን ግን መሐል ወለሉ ላይ ራሴን አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ቤታችን ያፈሳል» አልኩ።

ሮጬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ባልዲዎቹ እየተንኳኩ ወጡ፤ አንዱ እስከ ሰብሳቢው እግር ድረስ ተንከባለለ። «ሲዘንብ ይሄን ሁሉ ነው የምንደረድረው። ይሄኛው ግን ስንጥቅ ነው።»

«ሚጡ!» አለች እማዬ።

ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ። እሷን ስሰማ መቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ በፍሳሽ መውረጃው የተወተፈውን ጨርቅ በሁለት እጄ ሳብኩ። ጉርጉርጉር አለ። ግራጫ ውሃ አረፋ እያስቀደመ ወጣና ወለሉ ላይ ተንሰራፋ፤ የሰብሳቢው ጥቁር ጫማ ውስጥ ሲገባ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ አየሁት።

አልሄደም። ቆሞ ያየኛል። ስለዚህ የቀረኝን የመጨረሻ ነገር አደረግኩ። አንሶላውን ይዤ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። መቆንጠጫዎቹ እየተስፈነጠሩ በረሩ፤ አንሶላው ራሴ ላይ ወረደ። ከሥሩ ወጥቼ እጄን ግድግዳው ውስጥ እስከ ትከሻዬ ሰደድኩና ወዲያ ማዶ አውለበለብኩ።

«ይኸው! በዚህ በኩል ይገባል፣ በዚያ በኩል ይወጣል!»

ከግቢው በኩል፣ ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት ጮኸች። «ወይኔ እናቴ! ግድግዳው እጅ አወጣ!»

አንድ ሁለቱ ሊስቁ ጀምረው ነበር። ሜትሩ አልሳቀም። የሻይ ብርጭቆውን ገንዳ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ፣ በውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ እየረገጠ መጣ። ድምፁ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነበር። «ነይ፣ ቀስ ብለሽ እጅሽን አውጪ። ቀስ። ጎበዝ።» እጄን ሳወጣ ብብቴን ይዞ አነሳኝና፣ ወደ ሌሎቹ ዞሮ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «ሁላችሁም ወደ ውጭ። ዕቃ ተዉት። አሁን» አለ።

ተያይዘን ወጣን። ዕቃ ያልተወችው እማማ ሳሙና ብቻ ናት፤ አረንጓዴውን ወንበር አቅፋ ወጣች።

ግቢው ውስጥ አክስቴ ከመሐንዲሱ ተቀብላ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አቀፈችኝ። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ ጨመቀችኝ፤ አንገቴ ሥር እንባዋ ይሞቀኝ ነበር። ሰውየውን ስላባረርኩባት ነው የምታለቅሰው ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሜትሩ ግድግዳውን በዚያም በዚህም ዞሮ ለካ። ተመልሶ ሰብሳቢው ጆሮ ላይ አንድ ነገር ተናገረ። ጫማውን እያራገፈ የነበረው ሰብሳቢ እግሩን እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«እዚያ ግድግዳ ሥር የሚሠራው ማነው?» አለ።

እማዬ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

ሰብሳቢው ጫማውን ካደረገ በኋላ እኔ ፊት መጥቶ ቁጢጥ አለ፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። «አንቺ ልጅ፣ ሌላስ የደበቁኝ ነገር አለ?»

እስካሁን ያሳየሁት አልበቃውም ማለት ነው። አሰብኩ።

«እሷ ታንኮራፋለች» አልኩ አክስቴን እየጠቆምኩ። «ካልሲዋንም ትራስ ሥር ነው የምታስቀምጠው። አያግቧት፣ አይሆንልዎትም።»

«ምን?» አለች አክስቴ። ከጭኗ ላይ ልትጥለኝ ምንም አልቀራትም።

መጀመሪያ የፈነዳችው እማማ ሳሙና ናት። እየሳቀች ወንበሩ ላይ ዘፍ ስትል ያቺ የምትነቃነቀው እግር ቀጭ ብላ ተሰበረች፤ መሬት ላይ ሆና መሳቋን ቀጠለች። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት። ሜትሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰብሳቢው ሆዱን ይዞ እስኪጠግብ ሳቀ።

«እኔ እኮ ሚስት አለችኝ» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «እሷም ታንኮራፋለች።»

ከዚያ ቀና ብሎ አክስቴን አያት፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ወይዘሪት፣ ቤቱ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ይዘጋል።»

ሳቁ ተቆረጠ። እማዬ አፏን በእጇ ያዘች። የሳሙና ሽታ ያለበት ንፋስ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅሰው ትዝ ይለኛል።

አክስቴ እኔን መሬት አስቀምጣ ተነሳችና ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች።

«ተዘግቶ ሊቀር ነው ወይስ ተዘግቶ ሊሠራ?»

«እሱን ጉባኤው ነው የሚወስነው...»

«ጉባኤውም ላይ እመጣለሁ። እዚያ ለእኔ ይነግሩኛል። አሁን ግን ለሷ ይንገሯት» አለች ራሴ ላይ እጇን ጭና። «ያሳየችዎት እሷ ናት።»

ሰብሳቢው አየኝ። ሴቶቹን አየ። የረጠበ ጫማውን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ ትልቅና ለስላሳ እጅ ነበር።

«አክስትሽን አልወስድም» አለኝ። «ግድግዳውን ግን አፍርሼ እወስደዋለሁ፤ ሌላ አመጣለሁ። እስከዚያ ውሃ ወደዚህ ግቢ ይሳብና እዚሁ ታጥባላችሁ።»

«መቼ?» አልኩት።

«የማን ልጅ ናት ይቺ?» አለ።

«የእኔ» አሉ እማዬና አክስቴ እኩል።

«ዝናቡ ሳይገባ» አለኝ።

ለብዙ ዓመት ይህ ታሪክ አክስቴን ከባል ያስጣልኩበት ታሪክ ነበር፤ ትምህርት ቤትም ለጓደኞቼ እንዲሁ ነበር የማወራው። ሜትሩ ሰብሳቢው ጆሮ ላይ ምን እንዳለ አክስቴ የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፤ የሆቴል አንሶላ አራቱን ጫፍ ይዘን እያጠፍን።

«‹የመጀመሪያው ዝናብ ይጥለዋል› ነው ያለው» አለችኝ። «እኔ ምክር ቤት የሄድኩት ለቧንቧ መሰለሽ? እናትሽ ከዚያ ግድግዳ ሥር ስትቆም ማየት አቅቶኝ ነው። ግን ‹ግድግዳው ሊወድቅ ነው› ብዬ በአፌ ካወጣሁት ‹ይዘጋ› ይሉናል ብዬ ፈራሁ። ስለ ቧንቧ ስለ ጣሪያ አወራሁና፣ ራሳቸው መጥተው ግድግዳውን አይተው ‹ይሠራ› እንዲሉ ፈለግኩ። ለዚህ ነው እንዳትነኩ ያልኳቸው።» አንሶላውን ወጠር አድርጋ ሳበችው። «አንሶላ ማን ሰቀለበት? ራሷ እናትሽ።»

ካራሜላውንም የተወችው ለዚያው ነበር። እኔ ልትረሳኝ ነው ስል፣ እሷ እጄን ከዚያ ስንጥቅ ልታርቅ ነበር።

አክስቴ አሁን ባል አላት። ሜትሩ ነው ብል ታሪኩ ያምርልኝ ነበር፤ አይደለም። ሜትሩ ያኔም ቀለበት ነበረው። ያገባችው ለአዲሱ ግድግዳ አሸዋ ያመላልስ የነበረውን ሹፌር ነው፤ እሱንም ብዙ ዓመት አስጠብቃ። ቤታቸው ከእኛ ቤት ማዶ ስለሆነ ሻንጣ አላስፈለጋትም። ልብሷን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አድርጋ መንገዱን ተሻገረች፤ አንደኛውን ጆሮ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ሰብሳቢው ቃሉን በራሱ ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። አክስቴ ነዋሪዎች በሚናገሩበት ስብሰባ ሁሉ እየሄደች ፊት ለፊቱ ትቀመጥ ነበር፤ ያቺኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ለመናገር እጇን እያወጣች። በኋላ ገና ከበሩ ሲያያት «ወይዘሪት ግድግዳ መጣች» ይል ጀመር። ሴቶቹ በግቢው ውስጥ በፀሐይ ሲያጥቡ ፊታቸው ጠቆረ፤ እማማ ሳሙና ግን በወጪ ወራጁ ላይ አስተያየት መስጠት ስለቻለች ተመችቷት ነበር። እማዬ ያን የሆቴል አንሶላ የግድግዳው አቧራ አልለቅ ብሏት ደጋግማ አጠበችው። ወንበሩን ጫማ ሰሪው በሚስማር መታልን።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አሮጌው ግድግዳ ፈረሰ፤ አዲሱ ቆመ። አክስቴ ግንበኛውን ለምና፣ በእኔ ትከሻ ቁመት የአንድ ጡብ ቦታ ክፍት አስቀረች። ቤቱ በተከፈተበት ጠዋት እጄን ሰደድኩበት፤ ካራሜላ ነበረበት።